ጉብታው የላካቸው እንደራሴዎች፦ ከኦልድ ሳረም እስከ ማንቸስተር የአራት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

አንደኛ ቀን፦ ሳልስበሪ

ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ ረፋድ ላይ የተሳፈርኩበት ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዞ ሳልስበሪ ላይ አወረደኝ። ለዚህ ጉዞ ያነሣሣኝ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተደረገ አንድ ንግግር ነው። ማርች 1 ቀን 1831 ሎርድ ጆን ራስል በብሪታንያ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ቆሞ የምርጫ ማሻሻያ ረቂቁን ሲያቀርብ፣ አባላቱ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ እንግዳ በዓይነ ኅሊናቸው እንዲያዩ ጠየቃቸው። ይህ እንግዳ እንግሊዝ በሀብትም በሥልጣኔም የላቀች፣ ሕዝቧም እንደራሴዎቹን በየጊዜው እየመረጠ የሚኖር አገር መሆኗን ሰምቶ ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት ይጓጓል። ታዲያ ወደ አንድ የፈረሰ ጉብታ ወስደው ይህ ጉብታ ሁለት እንደራሴዎችን ይልካል ቢሉት፣ ቀጥሎም አንድ የድንጋይ ግንብ አሳይተው ይህም ሁለት ይልካል ቢሉት፣ አንድም ቤት ወደማይታይበት መናፈሻ አድርሰው ይህም እንዲሁ ቢሉት፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተጉዞ በሥራና በንግድ የሚተራመሱ ታላላቅ ከተሞችን ካየ በኋላ እነዚህስ አንድም እንደራሴ የላቸውም ብለው ቢነግሩት፣ ምን ያህል ይደነቅ ይሆን ሲል ራስል ምክር ቤቱን ጠየቀ።

እኔም ከሩቅ አገር የመጣሁ እንግዳ ነኝና፣ ራስል ለእንግዳው ያወጣለትን መንገድ ልከተለው ወሰንኩ። ጉብታው ኦልድ ሳረም ይባላል። ትርጉሙ አሮጌው ሳረም እንደ ማለት ሲሆን፣ እስከ 1832 ድረስ ሁለት መቀመጫ የነበረውና በዚያው ዓመት በሕግ የተሰረዘ የምርጫ ወረዳ ነው። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ከጣቢያው ወጥቼ ገና ጥቂት እንደተራመድኩ የካቴድራሉ ሾጣጣ ጫፍ ከጣሪያዎቹ በላይ ታየኝ። ቁመቱ 123 ሜትር ስለሆነ በብሪታንያ ካሉት የቤተ ክርስቲያን ጫፎች ሁሉ ይበልጣል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው እ.ኤ.አ. በ1215 ከተጻፈው የማግና ካርታ ሰነድ እስከ ዛሬ ከቆዩት አራት ቅጂዎች አንዱን ያያል። እኔ ግን ረዘም ላለ ጊዜ የቆምኩት ከውጭ፣ ቅጥር ግቢውን በከበበው ግንብ ሥር ነው። በግንቡ ውስጥ እዚህም እዚያም ጌጥ የተቀረጸባቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የማይመሳሰሉ ድንጋዮች ተሰክተዋል። እነዚህ ከኮረብታው ላይ ከፈረሰው የቀድሞው ካቴድራል ወርደው የተሠራባቸው ናቸው። የካቴድራሉ የመሠረት ድንጋይ በ1220 ሲጣል ከተማው ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚህ ሜዳ እየወረደ ነበርና፣ አዲሱ ከተማ የተገነባው የአሮጌውን ድንጋይ እያወረዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳልስበሪ በሕግ የሚታወቅበት ስም እስከ 2009 ድረስ ኒው ሳረም፣ አዲሱ ሳረም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሁለቱ ሳረሞች እስከ 1832 ድረስ እኩል ሁለት ሁለት እንደራሴዎችን ይልኩ ነበር፤ አንደኛው ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ፣ ሁለተኛው ነገ የምወጣበት ኮረብታ።

ሁለተኛ ቀን፦ አምባው

ከሳልስበሪ እስከ ኮረብታው ያለው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ ቢኖርም በኤቨን ወንዝ ዳር የሚያስኬደውን የእግር መንገድ መረጥኩ። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ሥሩ ያለው አረም አንድ በአንድ ይታያል። ወንዙን ተለይቼ ሽቅብ መውጣት ስጀምር ነፋሱ በረታ፤ የመጀመሪያውን የአፈር ካብ ተሻግሬ ከጥልቁ ቦይ በላይ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ላይ ስደርስማ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ መሄድ ግድ ሆነብኝ። ይህንን ነፋስ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለከተማው መሰደድ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነውና።

ቦታው በእኛ አነጋገር አምባ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በብረት ዘመን የነበሩ ሰዎች ዙሪያውን በካብና በቦይ አጠሩት፤ ሮማውያን በአጠገቡ ሰፈሩ፤ ከኖርማንዲ ተሻግሮ እንግሊዝን የያዘው ዊልያም ደግሞ በ1070 ሠራዊቱን እዚህ ሰብስቦ ሸልሞ አሰናበተ። ያው ንጉሥ በ1086 የአገሪቱን ባለርስቶች ወደዚህ አስጠርቶ፣ ከሌላ ጌታ ሁሉ አስቀድመው ለእርሱ ታማኝ እንዲሆኑ አስማላቸው። ዛሬ በመካከለኛው ጉብታ ላይ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ባልጩት ከኖራ ጋር የተለሰነበት የግንብ ፍራሽ ነው፤ ለስላሳው የፊት ድንጋይ ተገፍፎ ሄዶ ሆድ ዕቃው ብቻ ቆሟል።

ከቤተ መንግሥቱ ወርዶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ሰፊ ሣር ላይ የካቴድራሉ መሠረት ተሰምሮ ይታያል። ይህ ካቴድራል በ1092 ተመርቆ በአምስተኛው ቀን ማዕበል ጉዳት አደረሰበት። በኋላ ታድሶና ሰፍቶ ቢሠራም፣ ካህናቱና የንጉሡ ወታደሮች በአንድ ጠባብ ቅጥር ውስጥ መኖራቸው የማያባራ ጠብ ወለደ። ውኃ እንደ ልብ አይገኝም፤ ነፋሱ የቅዳሴውን ድምፅ ይውጠዋል፤ የኮረብታው ነጭ ጠመኔ በፀሐይ ጊዜ ዓይን ይወጋል እያሉ ካህናቱ ወደ ሮም አቤት አሉ። ፈቃዱ ሲገኝ ጳጳሱ ሪቻርድ ፑር መንበሩን ወደ ወንዙ ዳር አወረደ። ነጋዴውና አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ዳቦ ጋጋሪው ጳጳሱን ተከትለው ወረዱ። ቤተ መንግሥቱም ውሎ አድሮ ተተወ፤ ድንጋዩም ለሌላ ሥራ እየተጋዘ ሄደ።

እኔን ከለንደን ድረስ ያመጣኝ ጥያቄ የሚነሣው ይህንን ጊዜ ነው። ከተማው ከወረደ፣ መቀመጫው እንዴት ሳይወርድ ቀረ? ኦልድ ሳረም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎችን እንዲልክ የተጠራው በ1295፣ ይኸውም ካቴድራሉ ወደ ሜዳው ከወረደ ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ጥሪው በየጊዜው ይደርሰው ጀመር። በሌላ አነጋገር ይህ ወረዳ የተወለደው እየሞተ ነው። አንድ ወረዳ አንዴ መላክ ከጀመረ ደግሞ የሕዝቡን ቁጥር እየተከታተለ የሚሰርዘው አካል አልነበረም።

መልሱ ግን በዋነኛነት የሚገኘው በመሬት ሥሪቱ ውስጥ ነው። በአንዳንድ የእንግሊዝ ወረዳዎች ድምፅ የመስጠት መብት የተያያዘው ከሰው ጋር ሳይሆን በርጌጅ ከሚባል የከተማ ይዞታ ጋር ነበር። ቦታውን የያዘ ድምፁንም ይይዛል፤ ቦታውን የሸጠ ድምፁንም ሸጠ። ርስትና ጉልት የሚሉትን ቃላት ለሚያውቅ የአገሬ አንባቢ ይህ ነገር ለመረዳት የሚያስቸግር አይመስለኝም፤ መብት ከመሬት ጋር ታስሮ ሲወርድ ሲዋረድ አያቶቻችን አይተዋል። የኦልድ ሳረም ልዩ ነገር፣ ቤቱ ፈርሶ፣ ጡቡ ተወስዶ፣ ግቢው ታርሶ እህል ከተዘራበት በኋላ እንኳ የቦታው ድምፅ አለመጥፋቱ ነው። በ1831 ወረዳው የነበሩት መራጮች 11 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚኖሩት ሌላ ቦታ ነበር።

ከካቡ ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ስመለከት የአዲሱ ካቴድራል ጫፍ ከሜዳው መካከል ቀጥ ብሎ ይታያል። አሮጌው ከአዲሱ ያለው ርቀት በዓይን የሚዘለቅ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያው ቆየሁ። በጎቹ በቦዩ ውስጥ ይግጣሉ፤ ልጆች በካቡ ላይ ወጥተው ይንከባለላሉ፤ ሁለት እንደራሴዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት የላከ ቦታ ለመሆኑ ከመግቢያው ሰሌዳ በስተቀር የሚናገር ነገር የለም።

ሦስተኛ ቀን፦ ዛፉና ባለቤቱ

ዛሬ ከኮረብታው ግርጌ ወዳለችው ስትራትፎርድ ሰብ ካስል መንደር ሄድኩ። አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ትንሽና ጸጥተኛ ናት፤ በግንብ ማማዋ ላይ ግን ካራቅ የሚነበብ ስም በትላልቅ ፊደላት ተጽፏል፤ ቶማስ ፒት፣ ከ1711 ዓመት ጋር። ማማውን ያሠራው እርሱ ነው። ይህ ሰው በህንድ ንግድ የከበረ፣ በኋላም የማድራስ ገዥ የሆነ ነጋዴ ሲሆን፣ ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው በ410 ካራት ያልተጠረበ አልማዝ ነው። አልማዙን አስጠርቦ በ1717 ለፈረንሳዩ እንደራሴ ንጉሥ ለኦርሌያኑ ፊሊፕ በ135,000 ፓውንድ ሸጠው፤ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ኦልድ ሳረምን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገዝቶ ነበር። ከገዛ በኋላ ቤተሰቡ ከመቶ ዓመት በላይ ያዘው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን በአንድ ሰው እጅ የገባ ወረዳ የኪስ ወረዳ፣ ሕዝብ የከዳውን ደግሞ የበሰበሰ ወረዳ ይሉታል፤ ኦልድ ሳረም ሁለቱንም ስም በአንድነት የተሸከመ ነው።

ምርጫው እንዴት ይካሄድ እንደነበር ለመረዳት ከመንደሩ ወጥቼ በእርሻው ዳር ባለው የእግር መንገድ ሄድኩ። እዚያ የምክር ቤቱ ዛፍ የሚባል ኤልም የቆመበትን ቦታ የሚያስታውስ ድንጋይ አለ። ዛፉ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ነበር። የምርጫው ትእዛዝ ከለንደን ሲደርስ የወረዳው ሹም በዛፉ ሥር፣ በእህሉ መካከል ዳስ ያስጥላል፤ ባለርስቱ ይዞታዎቹን ለጊዜው ለሚያምናቸው ሰዎች በሰነድ ያስተላልፋል፤ እነዚህ ሰዎች ለዕለቱ መራጮች ሆነው የተነገራቸውን ሁለት ስሞች ይጠራሉ፤ ሰነዱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ዳሱ ይነሣል፤ ማሳው ለአራሹ ይቀራል። ሥርዓቱ ሁሉ ከሕግ አንዲት ነጥብ አይጎድለውም ነበር። በዚያ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጬ ይህንን ሳስብ የገረመኝም ያሳዘነኝም ይኸው የሥርዓቱ ንጽሕና ነው። በግልጽ የሚታይ ጉቦ ወይም ዱላ ቢኖርበት ኖሮ ከሳሽ ይነሣ ነበር፤ ሁሉም ነገር በሕግ ሲሆን ግን የሚጮኸው ማን ነው? በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ይህንን እያየ ትውልድ በትውልድ ላይ አለፈ።

በዚህ በር ወደ ምክር ቤት ከገቡት ሁሉ ታላቁ የቶማስ የልጅ ልጅ ዊልያም ፒት ነው። በ1735፣ በ26 ዓመቱ፣ ታላቅ ወንድሙ በቤተሰቡ እጅ የነበረውን መቀመጫ ሰጠውና ገባ፤ እስከ 1747ም የኦልድ ሳረም እንደራሴ ሆኖ ቆየ። ብሪታንያ ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው የሰባት ዓመት ጦርነት አገሪቱን የመራው ይህ ሰው፣ በጃንዋሪ 1766 በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ግብር ላይ በተደረገው ታላቅ ክርክር ተነሥቶ የትንንሾቹን ወረዳዎች ውክልና የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል ሲል ጠራው፤ መቶ ዓመት ሊዘልቅ አይችልም፣ በራሱ ካልወደቀ መቆረጥ አለበት አለ። ይህንን ሲናገር ባት የተባለው ከተማ እንደራሴ ነበር። የተናገረው እውነት መሆኑን ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር፤ እንግሊዛዊ አንባቢዎች ይህንን ንግግሩን ከአጀማመሩ ጋር አያይዘው ሲነቅፉት አይቻለሁ፣ እኔ ግን በበሰበሰው በር የገባ ሰው በሩ መበስበሱን በአደባባይ መመስከሩን እንደ ክብር እቆጥርለታለሁ። ልጁ ታናሹ ዊልያም ፒትም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1785፣ 36 ወረዳዎች ለባለቤቶቻቸው ካሳ ተከፍሏቸው እንዲሰረዙ ሐሳብ አቀረበ፤ ምክር ቤቱ በ248 ድምፅ ለ174 ጣለበት። ልብ በሉ፤ ካሳ የሚለው ቃል ራሱ መቀመጫው እንደ ቤትና እንደ ማሳ የግል ንብረት ተደርጎ ይታይ እንደነበር ይነግረናል።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ጆን ሆርን ቱክ ነው። በወጣትነቱ ቅስና ተቀብሎ ኋላ ክህነቱን የተወ፣ ለምርጫ መሻሻል ሲታገል በ1794 በአገር ክህደት ተከስሶ ነጻ የወጣ ሰው ነበር። በ1801 በጊዜው የወረዳው ጌታ የነበረው ሎርድ ካመልፎርድ በኦልድ ሳረም በኩል ወደ ምክር ቤቱ አስገባው። ተቃዋሚዎቹ ካህን እንደራሴ ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ተነሡና፣ በዚያው ዓመት ካህናት በእንደራሴዎች ምክር ቤት እንዳይቀመጡ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ የተነሣው ልክ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ2001 ነው። ከ11 መራጮች የተነሣ ጉዳይ ሁለት መቶ ዓመት በሥራ ላይ የቆየ ሕግ መውለዱን ሳስብ፣ ባዶ ጉብታ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ይታየኛል።

በ1802 ካመልፎርድ ወረዳውን ለአየርላንዱ የኬሌደን ኧርል ሸጠው፤ ዋጋው 60,000 ፓውንድ ነበር። ለበግ ግጦሽና ለጥቂት የእህል ማሳ ያን ያህል የሚከፍል ሰው በዓለም የለም፤ የተገዛው በዌስትሚንስተር ያሉት ሁለት ወንበሮች ናቸው። ከዚህ በኋላ ከዚህ ጉብታ የሄደው ኒኮላስ ቫንሲታርት በ1812 የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን በቃ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያዬ ካርታ ዘርግቼ ዊልትሸርን ተመለከትኩ። ይህ አንድ አውራጃ ከ1832 በፊት 34 እንደራሴዎች ነበሩት። ሂንደን፣ ሄይትስበሪ፣ ዳውንተን፣ ላጀርስሆል፤ ዛሬ ስማቸውን ከአካባቢው ሰው በቀር የማያውቃቸው መንደሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት።

አራተኛ ቀን፦ ማንቸስተር

ራስል እንግዳውን ከጉብታው ወደ ሰሜን እንዳሻገረው እኔም ማልጄ ተነሥቼ ባቡር እየቀያየርኩ ማንቸስተር ገባሁ። በ1831 ይህ ከተማ ከ140 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ የጥጥ ፋብሪካዎቹ ጭስ ሰማዩን ይሸፍነው ነበር፤ የራሱ እንደራሴ ግን አንድም አልነበረውም። በርሚንግሃም፣ ሊድስና ሼፊልድም እንዲሁ።

ከጣቢያው በቀጥታ የሄድኩት ቀድሞ የቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ወደሚባለው ቦታ ነው። ኦገስት 16 ቀን 1819 ወደ 60 ሺህ የሚገመት ሕዝብ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ባንዲራና ሙዚቃ ይዞ፣ ሴቶችና ልጆችም ተጨምረው፣ እንደራሴ ይኑረን ለማለት እዚህ ተሰበሰበ። የከተማው ዳኞች ተናጋሪዎቹ እንዲያዙ አዘዙ፤ ፈረሰኛ ጦር ጎራዴውን መዞ በሕዝቡ መካከል ገባ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ሜዳው ዛሬ የለም፤ ሕንጻ ወርሶታል። በ2019፣ በሁለት መቶኛው ዓመት፣ አንዱ በሌላው ላይ እየጠበበ የሚወጣ ክብ የድንጋይ ደረጃ ለመታሰቢያ ቆሟል፤ የሟቾቹ ስምና የመጡባቸው ቦታዎች በድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል። ዙሪያውን እየዞርኩ አነበብኳቸው። ትናንት ድምፅ ያለው ሰው የሌለው መሬት አይቼ፣ ዛሬ ድምፅ የሌለውን ሕዝብ ስም ማንበብ ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ተነሣሁ።

ለውጡ የመጣው በብዙ መከራ ነው። የራስል ረቂቅ በማርች 1831 በሁለተኛው ንባብ በ302 ለ301፣ በአንዲት ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ቀጥሎ በመሰናከሉ ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ተደረገ። በዚያም ምርጫ ኦልድ ሳረም እንደ ልማዱ ሁለት ሰው ላከ፤ የመጨረሻው ነው። በኦክቶበር የመኳንንቱ ምክር ቤት ረቂቁን በ199 ለ158 ሲጥለው በብሪስቶል ብጥብጥ ተነሣ፤ በኖቲንግሃም ቤተ መንግሥቱ ተቃጠለ። ንጉሡ አስፈላጊ ከሆነ አዳዲስ መኳንንት ሾሞ ድምፁን ለማስገልበጥ እሺ ካለ በኋላ ብቻ መኳንንቱ ተበገሩ፤ ጁን 7 ቀን 1832 ሕጉ ጸደቀ። 56 ወረዳዎች ጨርሰው ተሰረዙ፤ 30 ከሁለቱ መቀመጫ አንዱን አጡ። ለባለቤቶቹ አንድ ሳንቲም ካሳ አልተከፈለም። ማንቸስተርም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሁለት የመጀመሪያ እንደራሴዎቿን መረጠች።

ሆኖም በከተማ በዓመት 10 ፓውንድ የሚከራይ ቤት የሌለው ወንድ ከምርጫው ውጭ ቀረ፤ ሴቶች ደግሞ «ወንድ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ በግልጽ በመግባቱ ይባስ ተዘጋባቸው። በዚያ ሜዳ ከወደቁት የአብዛኞቹ ቤተሰቦች በ1832 ሕግ ድምፅ አላገኙም። ይህንን በምክር ቤቱ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣው፣ በዚያች ዕለት የመድረኩ ዋና ተናጋሪ ሆኖ ተይዞ ሁለት ዓመት ተኩል የታሰረው፣ በኋላም በ1830 የፕሬስተን ከተማ እንደራሴ ለመሆን የበቃው ሄንሪ ሀንት ነው።

ሀንት የማንቸስተር ሰው አልነበረም። የዊልትሸር ገበሬ ልጅ ነው፤ የተወለደው በ1773 አፓቨን በምትባል መንደር ሲሆን፣ ስሟ ከወንዙ የወጣ ነው። በሁለተኛው ቀን በዳሩ የሄድኩበት ያ ጥርት ያለ የኤቨን ውኃ በአፓቨን አልፎ ነው ወደ ኦልድ ሳረም ግርጌ የሚወርደው።